ለማን ነው ያለቀስሽው?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ውስጥ አባቴ ያቋቋመውን የዱቄት ፋብሪካ ከአራት ዓመት ወዲህ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። 41 ሠራተኞች ነበሩን። ስንዴ እንደ ልብ አልገባ አለ፣ መብራትም ይቆራረጣል፣ በመጨረሻ አንዱን ፈረቃ ለመዝጋት ተገደድኩ። ዘጠኝ ሰው መቀነስ ነበረብኝ። ሠራተኛውን ሰብስቤ መናገር ስጀምር ድምፄ ተቆረጠ። እንባዬ መጣ። ንግግሬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የተቀነሱትን ሰዎች ስም ያነበበው ሂሳብ ሹሙ ነው። አጎቴ ‹ፊት ሰጠሻቸው፤ ከእንግዲህ ማን ይሰማሻል? ድሮም ሴት ልጅ…› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኮስተር ብያለሁ። ሰላምታ እንኳ አሳጥሬያለሁ። አሁን ግን ፋብሪካው ውስጥ ማንም አይናገርም። ማሽን ሲበላሽ እንኳ የምሰማው ዘግይቼ ነው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ወፍጮው ላይ የሚሠሩት ጋሼ አንድ ቀን ጠጋ ብለው ‹ልጄ፣ ያኔ ለማን ነው ያለቀስሽው?› አሉኝ። መልስ አጣሁ። መሪ ስሜቱን ማሳየት አለበት ወይስ መደበቅ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ የጠየቅሽኝ «ማሳየት ወይስ መደበቅ» ብለሽ ነው። እኔን የነካኝ ግን የጋሼ ጥያቄ ነው። እሳቸው ለምን አለቀስሽ አላሉሽም። ለማን ነው ያሉሽ። በዚህ ሥራ 17 ዓመት ስቆይ ስለ መሪና ስለ ስሜት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልንገርሽ። የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎች፣ የእህል መጋዘኖችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ አለቆችን አሠለጥናለሁ። አለቃና ሠራተኛ ሲኳረፉም መሀል እገባለሁ። ያንቺን የሚመስል ታሪክ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። አብዛኛው ሰው ግን አያወራውም። ስላወራሽው አመሰግንሻለሁ።

ከአጎትሽ ልጀምር። እሳቸው የተናገሩት ስለሚያስቡልሽ ነው። ያደጉበት ዓለም አለቃን የሚያውቀው በኮስታራ ፊቱ ነው። እኛም ብንሆን ልጅ ሆነን ስናለቅስ «ሆደ ቡቡ አትሁን» ተብለናል። ሲከፋን «የሆድሽን በሆድሽ ያዢ» ተብለናል። ሠራተኛ መቅጠር የጀመረ ሰው ደግሞ ከታላላቆቹ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፊት አትስጥ» የሚል ነው። ስለዚህ በአጎትሽ አትቀየሚ። ምክራቸው ግን ያንቺን ፋብሪካ ዝም አሰኝቶታል።

ጎጃሜ ስሜቱን ይደብቃል ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። ልቅሶ ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ። በሬ ሲጠምድ ውሎ አንድ ቃል የማይተነፍስ ገበሬ፣ ወንድሙ የሞተ ቀን በሰው ሁሉ ፊት እየጮኸ ያለቅሳል። አልቃሿ የሟችን ሥራ በግጥም ታነሣለች። አንዱ ይፎክራል፣ ሌላው ደረቱን ይመታል። ማንም «ይኼ ሰው ደካማ ነው» አይልም። የሚታማውስ ያላለቀሰው ነው። ከዚያ ሠልስቱ ይደርሳል፣ አርባው ይወጣል። ዘመድ እየመጣ ያጽናናል። እርም ይወጣል። ሰውየውም ወደ እርሻው ይመለሳል።

ልብ በይ፤ እዚያ ለሐዘን መንገድ ተሠርቶለታል። ቦታ አለው፣ ቀን አለው፣ የሚመራው ሰው አለ፣ «ይብቃችሁ» የሚል ሽማግሌም አለ። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ዘጠኝ ሰው ከሥራ ሲወጣ ማን ያልቅስ? ማን ያጽናና? መቼ ይብቃ? ለዚህ ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት የለንም። ፋብሪካና ቢሮ ለእኛ ገና አዲስ ናቸው። የዚያን ቀን አንቺ መንገድ በሌለበት ነው የሄድሽው። ብትደናቀፊ አይገርመኝም።

ሌላም ነገር አለ። ያለነው የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ከየአቅጣጫው ተማሪ ሲጎርፍባቸው የኖሩ ደብሮች ናቸው። ቅኔ ቤት ያልገባው ሰው እንኳ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቃል ሥር ሌላ ቃል መፈለግ ይለምዳል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። ሠራተኞችሽም እንዲሁ ናቸው። ኮስተር ስትይ «ጠንካራ ሆነች» ብለው አያልፉም። ምን ማለቷ ነው ብለው ይቆፍራሉ። ሰላምታሽ ሲያጥር አንዱ «ሌላ ዙር ቅነሳ አለ» ይላል። ሌላው «በእኔ ተቀይማለች» ይላል። ሦስተኛው «ፋብሪካው ሊሸጥ ነው» ይላል። ሰሙን ብቻ ስትሰጫቸው ወርቁን ራሳቸው ይሠሩታል። የሚሠሩት ወርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቺ ከያዝሽው እውነት የከፋ ነው።

ታፍኖ የተያዘ ስሜት ሌላው ሰው አካል ላይ ሳይቀር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ የሂሮሺማንና የናጋሳኪን የአቶሚክ ቦምብ ጥፋት የሚያሳይ ከባድ ፊልም አዩ። ከዚያ ስላዩት ነገር እንዲጨዋወቱ ተደረገ። ከጥንዶቹ በአንዳንዶቹ አንደኛዋ ስሜቷን እንዳታሳይ ቀደም ብሎ በምስጢር ተነግሯት ነበር። የደም ግፊቷ የጨመረው ስሜቷን የደበቀችው ሴት ብቻ አይደለችም። ምንም የማታውቀው አነጋጋሪዋም የደም ግፊቷ ከፍ አለ። መቀራረባቸውም ቀነሰ። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው በየቢሮው ከኮስታራ አለቃው ፊት ተቀምጦ የሚውለው ውሎ ትዝ ይለኛል።

በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ስሜትን መቆጠብ እንደ ጨዋነት በሚታይበት ባህል ላደጉ ሰዎች ይህ ጉዳት ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። እኛም ቁጥብነትን እንወዳለን፣ ይገባዋልም። ስለዚህ ሁሉን ዘርግፊው አልልሽም። ቁጥብ ሰው ግን ሰላምታ አይነፍግም። ቁጥብ ሰው የሞተን ሰው ስም ሳያነሣ አያልፍም።

እኔ አልፌያለሁ። የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት 20 ያህል ሰዎች ያሉበት አንድ የሥራ ክፍል እመራ ነበር። ሹፌራችን በድንገት ሞተ። ከሁላችንም ጋር የሚጫወት፣ የሁላችንንም ልጆች በስማቸው የሚጠራ ሰው ነበር። እሑድ ቀበርነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሁሉም ፊት ፊቴን ያያል። እኔ መሪ ነኝ፣ እኔ ከተሰበርኩ ማን ይቆማል አልኩ። ስብሰባውን የጀመርኩት በሳምንቱ ሪፖርት ነው። ስሙን አላነሣሁም። ካነሣሁት ድምፄ እንደሚሰበር ስላወቅሁ ነው ያላነሣሁት።

ከስምንት ወር በኋላ በጣም የምኮራባት የሂሳብ ሠራተኛ መልቀቂያ አስገባች። «ደመወዝ ነው?» አልኳት። «አይደለም» አለችኝ። «እኔም ብሞት በማግስቱ የሚቀርበው ሪፖርት ነው። የዚያን ሰኞ ነው ለመልቀቅ የወሰንኩት።» አንድ ቃል ልመልስላት አልቻልኩም። ማታ ሳለቅስ ነበር ብላት ምን ይጠቅማታል? ብቻዬን ያፈሰስኩት እንባ ለእሱም ለእነሱም አልደረሰም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያን ሰኞ ሰው ፊት ማልቀስ ነበረብኝ ማለቴ አይደለም። ስሙን ጠርቼ «ዛሬ ልቤ ሥራው ላይ የለም፤ የእናንተም እንደማይኖር አውቃለሁ። ስለ እሱ ጥቂት እንጫወትና ወደ ሥራችን እንገባለን» ብል ይበቃ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር። እሱን ነው የነፈግኋቸው።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ጥያቄ ልምጣ። አማርኛችን ይህን ጉዳይ አሳምሮ ይለየዋል። ከአንገት በላይ የሆነ ነገር አለ፣ ከአንጀት የሆነ ነገር አለ። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንላለን። የውስጡን ከላዩ ለይቶ ማየት ማንም አላስተማረንም፣ አብሮን ያደገ ነው። ሠራተኛሽ ከአንገት በላይ የሆነውን ፈገግታሽን ከሩቅ ያውቀዋል። ከአንገት በላይ የሆነውን ቁጣሽንም ያውቀዋል። ግን ከአንጀት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከአንጀት ሆኖ ለራስ ብቻ የሆነ እንባ አለ። ጋሼ የጠየቁሽ ስለዚህኛው ነው።

ሁለት እንባዎችን ላሳይሽ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1997 ጃፓን ውስጥ ያማይቺ የሚባል አንድ መቶ ዓመት የሞላው የአክሲዮን አሻሻጭ ድርጅት ከሰረ። ወደ 7,500 ሠራተኞች ነበሩት። ፕሬዚዳንቱ ሾሄይ ኖዛዋ ሥልጣኑን ከያዙ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። የተደበቀው ኪሳራ የተጠራቀመው ከእሳቸው በፊት ነው። ጋዜጠኞች ፊት ቆመው እያለቀሱ ጥፋተኞቹ እኛ ነን፣ ሠራተኞቹ ጥፋት የለባቸውም አሉ። ሠራተኞቹ ሌላ ሥራ እንዲያገኙ እርዱልን ብለውም ተማጸኑ። ጃፓን እንደኛ ቁጥብነት የሚከበርበት አገር ነው። ያ እንባ ግን እስከ ዛሬ ይታወሳል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. የ2022 ነው። አንድ አሜሪካዊ የድርጅት ባለቤት ሠራተኞች አሰናበተ። ከዚያ እያለቀሰ ራሱን ፎቶ አንሥቶ ሊንክድኢን በሚባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ ገጽ ላይ ለጠፈው። ከየአቅጣጫው ወቀሳ ወረደበት። የሰውየው እንባ ውሸት ነው ብዬ አልፈርድም። ምናልባት እውነት ነው። ነገር ግን ፎቶው ላይ ያለው ማን ነው? እሱ ራሱ ነው። ሥራ ያጡት ሰዎች ፎቶው ውስጥ የሉም።

አሁን ያንቺን ቀን እንየው። እንባሽ እውነተኛ ነበር፣ አልጠራጠርም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ያየው ግን ምንድን ነው? አለቃቸው አለቀሰች፣ ወጣች። ስማቸውን ሂሳብ ሹሙ አነበበ። በዚያች ሰዓት መጽናናት የሚገባቸው ዘጠኙ ሰዎች ነበሩ። የክፍሉ ወሬ ግን ስላንቺ ሆነ። ምናልባትም ከዘጠኙ አንዱ «አይዞሽ» ሊልሽ ፈልጎ ይሆናል፣ እንጀራው እየተቋረጠ። እንባው ላይ ጥፋት አላይም። ጥፋቱ በሩ ላይ ነው። ተቀምጠሽ፣ እንባሽን ጠርገሽ፣ ስማቸውን በራስሽ አፍ ጠርተሽ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ይህን ጥያቄ ባልጠየቁሽ ነበር።

«ድሮም ሴት ልጅ» የሚለውን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም። ሴት መሪ በዚህ ጉዳይ የምትመዘነው በሌላ ሚዛን ነው፣ በእኛም አገር በሌላውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ተመሳሳይ ቁጣ ወንድ ሲያሳየው ክብር እንደሚጨምርለት፣ ሴት ስታሳየው ግን «ጠባይዋ ነው» ተብሎ ክብሯን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያናድዳል። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ሴቷ የተናደደችበትን ምክንያት በግልጽ ስትናገር ልዩነቱ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስለ እንባ ያወራል። ሥራ ቦታ ስሜቱ ያሸነፈው ሰው «ስሜታዊ ሆኜ ነው» ሲል ዝቅ ተደርጎ ይታያል። «ለሥራው ከልቤ ስለምቆረቆር ነው» ሲል ግን ብቃቱ ከፍ ተደርጎ ይገመታል።

ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ስሜትሽን ሰው በራሱ እንዲተረጉመው አትተዪው። ምክንያቱን አንቺ ንገሪው። ሰው ስታለቅሺ አይቶ ምክንያቱን ካላወቀ «ሴት ስለሆነች» ብሎ ይደመድማል። ምክንያቱን ከነገርሽው ግን የሚይዘው ምክንያቱን ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። አጎትሽን ጨምሮ ብዙ አለቆች «ስሜት አላሳይም» ሲሉ እንባን ብቻ ነው የሚያስቡት። ቁጣ ስሜት አይመስላቸውም። አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሥልጠና ልሰጥ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ «እኔ ሥራ ቦታ ላይ ስሜት የሚባል ነገር አላውቅም» አሉኝ። ገና ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አንዱን ወጣት ኬሻ በትክክል አልደረደርክም ብለው በሰው ፊት አዋረዱት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጫኝና አውራጆቹ ሁሉ ዝም አሉ። ሰውየው በዚያ ግቢ ውስጥ ስሜቱን በነጻነት የሚገልጸው ብቸኛ ሰው እሳቸው እንደሆኑ አያውቁም ነበር። ማታ ለብቻችን ስንጨዋወት ስንዴ በዱቤ ሸጠው ገንዘቡ እንዳልተመለሰላቸው ነገሩኝ። ፍርሃት ነበር ያለባቸው። ፍርሃታቸውን በቁጣ ለውጠው ለልጁ አሸከሙት።

አንቺም ኮስተር ስትይ የያዘሽ ፍርሃት ነው። «አይፈሩኝም» ብለሽ ፈራሽ። እሱን ፍርሃት ነው ሠራተኛው የወረሰው።

ከደብዳቤሽ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ «ማሽን ሲበላሽ እንኳ የምሰማው ዘግይቼ ነው» ያልሽው ነው። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የፋብሪካሽ ሕልውና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። መልካም አመራር ያላቸው የነርስ ቡድኖች ብዙ ስህተት የመዘገቡት ሆነው ተገኙ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባት። እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን ስለማይፈሩ ይናገራሉ። በሌሎቹ ዘንድ ግን ስህተቱ ይደበቃል። አንቺ ጋ ከወፍጮው የሚመጣ እንግዳ ድምፅ መጀመሪያ የሚሰማው ማነው? ጋሼ ናቸው። እሳቸው ወይም ረዳታቸው «አሁን ብነግራት ፊቷ እንዴት ይሆናል?» ብለው ካመነቱ፣ ኩሽኔታው ተቃጥሎ መስመሩ እስኪቆም ድረስ አትሰሚም።

እንግዲህ ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። መጀመሪያ ዘጠኙ። በየቤታቸው ሂጂ። ለቅሶ እንደሚደረሰው ድረሺ። ስልክ አይበቃም። አንዳንዱ ይቆጣሻል፣ ይቆጣ። አንዳንዷ አታስገባሽ ይሆናል፣ ደጅ ላይ ቆመሽ ሰላም ብለሽ ተመለሺ። ስትሄጂ ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ስለ ስኳርና ቡና አይደለም የማወራው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመርበታል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። ቅነሳ ሲሆን በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ከሆነ መልካም። ካልሆነ ግን እንባሽን ማንም አያምነውም፣ ሊያምነውም አይገባም። የሥራ ልምድ ማስረጃቸውንም አንቺ ፈርመሽ ይዘሽላቸው ሂጂ። ሌላ ፋብሪካ የምታውቂው ካለ ስማቸውን ሰጥተሽ ደውዪ።

ከዚያ የቀሩትን 32 ሰብስቢ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። በራስሽ ቃል ይሁን፣ ግን ይህን የመሰለ ነገር በይ፦ «የዚያን ቀን ንግግሬን ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። ስማቸውን እኔ ራሴ ማንበብ ነበረብኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያለቀስኩት ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አብረውን የሠሩ ሰዎች እንጀራ በእኔ ውሳኔ ስለተቋረጠ ነው። ውሳኔው ያስፈልግ ነበር፤ ፈረቃውን ባንዘጋ ለማናችንም ደመወዝ የማንከፍልበት ወር ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተኮሳተርኩት በማንም ተቀይሜ አይደለም። ፈርቼ ነው። ስለ መጪው ጊዜ የማውቀው ይህ ነው…» ብለሽ የምታውቂውን ንገሪያቸው። ስንዴው ከደብረ ኤልያስ ይሁን ከጎዛምን፣ ስንት ኩንታል እንዳለ፣ ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ በቁጥር ንገሪያቸው። የማታውቂውን ቃል አትግቢ። «ሌላ ቅነሳ አይኖርም» ማለት የምትችዪው እርግጠኛ ስትሆኚ ብቻ ነው።

ተመልከቺ፣ እዚህ ንግግር ውስጥ ስሜት አለ። ግን ለማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ከውሳኔው ጋር አይጣላም። አለቅሳለሁ ግን ወስኛለሁ ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እነዚህ ሁለቱ አብረው የማይሄዱ ይመስለዋል። ልጇን ስታስከትብ እሱ ሲያለቅስ አብራው የምታለቅስ እናት አይተሽ አታውቂም? ክትባቱን ግን አታስቀርም።

ስትናገሪ እንባሽ ቢመጣስ? ይምጣ። ንግግርሽን አቁሚ። ውሃ ጠጪ። ትንፋሽሽን በዝግታ አውጪ። «ትንሽ ታገሡኝ» በይ። ሰው ይታገሣል፣ ሐዘን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ከዚያ ካቆምሽበት ቀጥዪ። አትውጪ። ለስሜቱ ስም መስጠትም ይረዳል። «አዝኛለሁ» ብሎ በቃል መናገር አእምሮ ውስጥ ያለውን ማዕበል እንደሚያበርድ በአንጎል ምስል የተደገፉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሽማግሌዎቻችንም የተበደለውን ሰው አንጀትህ እስኪርስ ተናገር የሚሉት በከንቱ አይመስለኝም።

ሁሉ ነገር ግን ወደ ሠራተኛ አይወሰድም። ሌሊት ስለ ባንክ ብድር ስታስቢ የሚይዝሽን ጭንቀት ለሂሳብ ሹሙ ወይም ለፎርማኑ አትዘርግፊው። እሱ ሸክሙን ይወስዳል እንጂ ሊፈታው አይችልም፣ ማግስቱን ደግሞ ወሬው ግቢውን ይሞላል። ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልግሻል። የንስሐ አባት ሊሆኑ ይችላሉ፣ እህት ልትሆን ትችላለች፣ እንዳንቺው ድርጅት የሚመራ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ከተማሽ ውስጥ ሁለትና ሦስት እንዲህ ያሉ ሴቶች ፈልጊ። በወር አንድ ቀን ቡና ተጠጡ። በሥልጠና ካገኘኋቸው መሪዎች ሳይሰበሩ የቆዩት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሰው የነበራቸው ናቸው።

ደስታሽንም አትደብቂ። ይህን በጣም እንረሳዋለን። አለቆች «ካመሰገንኩት ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላል» ብለው ምስጋና ይቆጥባሉ። ዱቄቱ ጥሩ ወጥቶ ዳቦ ቤቶቹ ሲያመሰግኑ ያንን ምስጋና ወፍጮው ድረስ ይዘሽው ውረጂ።

አጎትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። ቤታቸው ሄደሽ «ምክርዎን ሰምቼ ሞከርኩት፤ ማሽን ሲበላሽ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» በያቸው። ነጋዴ ናቸውና ይህ ይገባቸዋል። አባትሽ ሠራተኛ ሲሞትበት ወይም ሲታመምበት ምን ያደርግ እንደነበረም ጠይቂያቸው። ምናልባት ያልሰማሽው ነገር ይነግሩሻል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን ጋሼ ጋ ሂጂ። ቢሮሽ አትጥሪያቸው። ለምሳ ዕረፍት ወፍጮው ሲቆም እሳቸው ባሉበት ወርደሽ ከጎናቸው ኬሻ ላይ ተቀመጪ። ያኔ ለማን እንዳለቀስሽ ንገሪያቸው። ግማሹ ለራስሽ ከነበረ ግማሹ ለራሴ ነበር በያቸው። ከዚያ ዘጠኙ ሰዎች የት የት እንደሚኖሩ ጠይቂያቸው። እሳቸው የሁሉንም ቤት ሳያውቁ አይቀሩም። ከፈቀዱ የመጀመሪያው ቤት ድረስ አብረውሽ ይሂዱ።